ለቡችላዬ ዋስ የሚሆናት ማን ነው?

እናንተዬ፣ እቤታችን አዲስ ሰው ገብቷል። ሰው ስል አራት እግር አላት፣ ቡናማ ናት፣ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፣ ቀን ቀን የእማዬን ነጠላ ጫማ ትበላለች። ስሟ ቡቺ ነው። አዎ አውቃለሁ፣ በዚህ አገር ስንቱ ቡችላ ቡቺ እንደሚባል እግዜር ይቁጠረው። ጋዜጠኝነት ተምረሽ ከዚህ የተሻለ ስም አጣሽ ወይ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

እንግዲህ የመጣች ለት ፎቶዋን አንስቼ ስቶክሆልም ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "ውይ ስታምር! ስንት ወሯ ነው?" አለችኝ። ሁለት ወር ተኩል አልኳት። ቀጥላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ኢንሹራንስ ገባሽላት?"

እኔ ሳቅሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ለራሷ ውሻ በየወሩ እንደምትከፍል፣ አምና እግሩ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ከወጪው አብዛኛውን ኢንሹራንሱ እንደሸፈነላት፣ እዚያ አገር ሰው ቡችላ ሊያመጣ ሲያስብ ገና ከወዲሁ የኢንሹራንስ ውል እንደሚያነጻጽር ዘረዘረችልኝ። የስልኩን ድምፅ ከፍቼው ነበርና እማዬ ከጓዳ ሆና ሰማች። "ለእኔስ ማን ገባልኝ?" አለች።

በማግስቱ ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በጉብዝናቸው ዘመን ከብት ሲከትቡ ከጭላሎ ሥር ያለውን ቀበሌ በበቅሎ አዳርሰዋል። ቡቺን ብድግ አድርገው ጆሮዋንና ድዷን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ተከትባለች ወይ?"

አንዷ ስለ ኢንሹራንስ፣ ሌላው ስለ ክትባት ጠየቁኝ። የትኛው ይቅደም ብዬ ማንበብ ስጀምር ነገሩ ከአሰላ ተነስቶ ስቶክሆልም ደረሰ፣ ከስቶክሆልም ደግሞ ተመልሶ አሰላ መጣ። እነሆ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትጣሉኝ።)

ውሻ ዋስ ያገኘበት አገር

የእንስሳት ኢንሹራንስ የተጀመረው በውሻ አይደለም። በ1890 ክላስ ቪርጂን የተባለ ስዊድናዊ ለፈረስና ለቀንድ ከብት ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ አቋቋመ። ይህን ያደረገው እንስሳ ስለሚወድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ለስዊድን ገበሬ ፈረስ ማለት ማረሻው፣ ጋሪው፣ ከጫካ ግንድ ጎታቹም ነው። ፈረሱ የሞተበት ገበሬ ቤቱ እንደፈረሰ ይቆጠራል። እናም ብዙ ገበሬዎች በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ፈረሱ የሞተበት ደግሞ ከተዋጣው ይከፈለዋል። ዓረቦን የሚባለው ነገር ይኸው ነው።

ውሻ ተራው የደረሰው በ1924 ነው። የመጀመሪያው የውሻ ዋስትና ውል የተጻፈው እዚያው ስዊድን ነው። የሚገርመው በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሲዞሩ ስዊድንም ደርሰዋል። ስለ ውሻ ውል ያጫወታቸው ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ግን ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው፣ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም ነበር ይባላል። ሉሉ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል? ዋሷ ንጉሡ ነበሩ።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ተዛመተ። እንግሊዝ በ1947 ጀመረች። አሜሪካ እስከ 1982 ቆይታ የመጀመሪያውን ውል የጻፈችው በፊልም ለታወቀችው ለላሲ ነው። ዛሬም ግን ስዊድንን የሚደርስባት የለም፣ ከአገሪቱ ውሾች አብዛኞቹ ዋስትና አላቸው።

ባሕር ማዶ ያላችሁና ሰሞኑን ቡችላ ያመጣችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ውሎች ከመፈረማችሁ በፊት የነበረን ሕመም እንደ ደንቡ አይሸፍኑም። ስለዚህ የሚሻለው እንስሳው ገና ቡችላ ሆኖ፣ ጤነኛ ሳለ መግባት ነው። ሁለተኛ፣ በወር ስንት እከፍላለሁ ከማለት በፊት በዓመት እስከ ስንት ይከፍሉልኛል፣ ከእያንዳንዱ ወጪስ የራሴ ድርሻ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ርካሹ ውል ብዙ ጊዜ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ምንም የማይከፈልበት የመጠበቂያ ጊዜ ስላለ ቀኑን እወቁት። ሌላው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

የእኛው ዋስ

"እኛ ጋ ይሄ ሁሉ የለም" ብዬ ልደመድም ስል ቆም አልኩ። የለም እንዴ?

በአርሲም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ሲያርስ በሬው ገደል ቢገባ ወይም እግሩ ቢሰበር ምን ይደረጋል? ጎረቤት ይጠራል። ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል። (ማን ባረከው የሚለው እዚህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ በሚኖርበት አገር የየእምነቱ ሰው የየራሱን ነው የሚበላው።) ሥጋው እንደ ቅርጫ ይመደባል፣ እያንዳንዱ ቤት መደቡን ወስዶ ዋጋውን ይከፍላል። ሥጋ ያማረው ሥጋ ስላማረው አይደለም የሚከፍለው። ነገ የእሱም በሬ ሊሰበር ይችላል። ባለ በሬው የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ጨምሮበት ሌላ በሬ ይገዛል። አንዳንድ ቦታ ይህን በደንብ ያቋቋመ የከብት እድር አለ፣ እንደ ቀብር እድሩ ዳኛና ጸሐፊ ያለው።

በኦሮሞ ባህል፣ በተለይ በቦረና፣ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓትም አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ከየመንጋው ላም አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ለማኝ ተብሎ አይናቅም፣ መብቱ ነው። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ለአደጋ ጊዜ መረዳጃ ባቋቋመው ተቋም ይህንኑ ስም መጠቀሙ ያለ ምክንያት አይደለም።

እስቲ ይህን ከክላስ ቪርጂን ኩባንያ ጋር አስተያዩት። ብዙዎች ያዋጣሉ፣ የተጎዳው ይቀበላል። አሠራሩ አንድ ነው። እንዲያውም የእኛው አንድ ነገር ይበልጣል። ኩባንያ ፈረሱ በእርግጥ መሞቱን፣ ባለቤቱም በቸልታ እንዳልገደለው ለማረጋገጥ መርማሪ መላክ አለበት። የመንደር እድር መርማሪ አያሻውም። በሬው ሲወድቅ ያየው ጎረቤት ነው፣ ባለ በሬው ሰነፍ ይሁን ጎበዝም ያውቃል።

ታዲያ ውሻስ? ውሻ በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። ውሻው የሞተበት ሰው ቤት "ነፍስ ይማር" ብሎ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያዋጣም የለም። ሌሊቱን ሙሉ ከጅብ ጋር ሲታገል የሚያድረው፣ በጎቹን የሚጠብቀው እሱ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ዋስትና አንድ ኅብረተሰብ ምኑን እንደ ኪሳራ እንደሚቆጥር ያሳያል። በእኛ መዝገብ በሬ ኪሳራ ነው፣ ውሻ ግን ይተካል።

ደስታ የተባለው መከራ

ሁሉም እድር አንድ ድክመት አለበት። ዘንድሮ የእኔ በሬ ቢሞት የአንተ አለ፣ ከርሞ የአንተ ቢሞት የእኔ አለ። ሁላችንም በሬ ባንድ ሳምንት ቢሞትስ?

ይህ ሆኗል። በ1887 ኢጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው በምጽዋ በኩል ከሕንድ ባስገቧቸው ከብቶች አንድ በሽታ ገባ። አማርኛችን ይህን በሽታ የደስታ በሽታ ይለዋል። ስሙን ያወጣው ሰው ለማባበል ይሁን ለምፀት፣ ከዚህ በላይ ከነገሩ የራቀ ስም አላጋጠመኝም። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ አገሩን አዳረሰው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በብዙ ቦታ ከ10 ከብት 9 ያህሉ አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረ። ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን ያንን ዘመን አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው ጠሩት። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1960ዎቹ ይህን ዘመን ያጠናበት ጽሑፍ ሲነበብ እንቅልፍ ይነሳል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ተጽፏል። በሬ የለማ!

ለአርሲ ደግሞ ክፉው ቀን የመጣው በክፉ ቀን ላይ ነው። የምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ተዋግቶ ጦርነቱ ያበቃው በ1886 ነው። በዚያ ጦርነት ስንት ከብት እንደተነዳ በየቤቱ ሲተረክ የኖረ ነው። ከጦርነቱ የተረፈውን መንጋ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ጨረሰው። ከብት አዋጥቶ የወደቀውን የሚያነሳ ሥርዓት ያለው ሕዝብ የሚያዋጣው ከብት አጣ።

አሁን ዓመቶቹን አስተያዩልኝ። የስዊድኑ ሰውዬ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1890 ነው። የኢትዮጵያ ከብት ያለቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ስዊድን ውስጥ ወረቀትና ቀለም ከብትን ሲዋስ፣ እዚህ የሰው ለሰው ዋስትናው ፈረሰ። እነሱ ስለበለጡን ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ። ጠለቅ ብዬ ሳይ ግን ያ በሽታ ስዊድን ገብቶ ቢሆን ኖሮ ኩባንያውም በአንድ ወር ውስጥ ኪሱ ይራቆት ነበር። ሁሉን አንድ ላይ የሚመታ አደጋ የትኛውንም ዋስ ይጥላል። እንዲህ ያለውን የሚያቆመው እንዳይመጣ መከላከል ብቻ ነው።

ካዱ

ስዊድኖቹ አሰላ የመጡት ከዚህ 80 ዓመት ገደማ ቆይተው ነው። በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም አሰላ ሆነ። በእንግሊዝኛው ምህጻር ካዱ ይባላል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቤንት ኔክቢ የሚባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። የከተማችን ትልልቅ ሰዎች ዛሬም "በካዱ ጊዜ" ብለው ነው ወሬ የሚጀምሩት።

ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፣ ወተት ሰበሰበ፣ የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር አዳቀለ፣ ከብት ከተበ። ከድቅሎቹ የሚገኘው ወተት ከአገሬው ላም ከእጥፍ በላይ መሆኑን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አሰላ ዛሬ በወተት ላም ስሟ የሚነሳው በዚያ ሥራ ነው።

ስሙን በአማርኛ ካነበብነው ግን ካዱ ማለት ሌላ ነው አይደል? በአንድ በኩል ክህደትም ነበረበት። ምርጡ ዘርና ማዳበሪያው እርሻን አትራፊ ሲያደርገው ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጢሰኛውን ነቀሉት። ለትንሹ ገበሬ ታስቦ የመጣው ልማት ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ አስነሳው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ለዚያ ጢሰኛ ዋስ አልነበረውም።

ለእኛ ጉዳይ ግን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በእንስሳት ዋስትና ዓለምን የምትመራ አገር አሰላ መጥታ ተቋም ስታቆም ያስቀደመችው የዋስትና ውል አልነበረም። ክትባት ነበር፣ የእንስሳት ሐኪም ነበር፣ ኮርማ ነበር። ጋሼ በበቅሎ የዞሩት ለዚሁ ነው። "ያኔ ገበሬው ሲያየን ከብቱን ይደብቅ ነበር፣ ግብር ልንቆጥር የመጣን እየመሰለው" ብለውኛል። "በሽታ ጎረቤቱን ሲመታና እሱን ሲያልፈው ካየ በኋላ ግን ራሱ እየነዳ ይመጣል።"

መርፌ የረታው

ያ ደስታ የተባለው በሽታ መጨረሻው ምን ሆነ መሰላችሁ? ጠፋ። ተዳከመ ማለቴ አይደለም፣ ከምድር ገጽ ጠፋ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ደረጃ በተከታታይ ዘመቻ ከብቱ ተከተበ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ በዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ክትባቱ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሽ ስለነበር በረሃ አይደርስም ነበር። ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ በ1990ዎቹ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው። በ2011 ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው የከብት ኢንሹራንስ ወደኛ አካባቢ በቁም ነገር የመጣው። ኢንሹራንስ ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰ፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። ይሁንና ይህ ሁሉ በዋናነት ለመኪና፣ ለፎቅና ለመርከብ ነበር። ለአርብቶ አደሩ ከብት ተብሎ የተቀረፀው ውል ቦረና የደረሰው በ2012 ነው፣ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ትብብር።

አሠራሩ ደስ ይላል። በረሃ ውስጥ የሞተች ላም ሁሉ ዘንድ መርማሪ መላክ ስለማይቻል ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል። ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ድርቅ ነው ተብሎ ውል ላለው ሁሉ ይከፈላል። ችግሩም እዚያው ነው። ሳተላይቱ ሣር እንጂ ሬሳ አይቆጥርም። በአካባቢው ሣር ካለ ያንተ ላም ብትሞትም አይከፈልህም። በሽታንማ ከነጭራሹ አያየውም። ስለዚህ እዚያም ክትባቱ ቦታውን አልለቀቀም።

ከጭላሎ በላይ

ወደ ቡቺ ልመለስ። የከብቱን ታሪክ ያወራሁት ያለ ነገር አይደለም። ውሻም እንደ ደስታ በሽታ ሁሉን አንድ ላይ የሚያሰጋ የራሱ ጉድ አለው። የእብድ ውሻ በሽታ።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ልጅ በመንገድ ውሻ ተነከሰ። በየቀኑ እናቱ እየወሰደችው ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፣ ከበግ ወይም ከፍየል አንጎል የሚዘጋጀው የድሮው ክትባት። አሥራ ምናምን መርፌ። መንገድ ላይ ስናገኘው ሸሚዙን ገልጦ ያሳየን ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ልጅ ዕድለኛ ነበር። እናቱ በሰዓቱ ወሰደችው። ውሻውን ሰፈሩ በድንጋይ ገደለው። እብድ ይሁን አይሁን ያጣራ የለም።

ፓስተር ክትባቱን መጀመሪያ ለሰው የሰጠው በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ 140 ዓመት አልፎ ዛሬም በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፣ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ያጣል። በሌላ አነጋገር፣ ሁሉም ባይከተቡም የተከተቡት ላልተከተቡት ዋስ ይሆናሉ። እድር ማለት ይሄ አይደለም ወይ?

አሰላ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀና ብላችሁ ጭላሎን እዩት። ከ4000 ሜትር በላይ ነው። በአርሲ ተራሮች ላይ፣ ከባሌ ቀጥሎም በሰሜንና በወሎ ተራሮች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀረው ጠቅላላ ቁጥሩ 500 አካባቢ ነው። በ2003 ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሽታው በደረሰበት ክፍል ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ገደለ። ከየት መጣ? ከውሻ። ከመንደር ከብት ጋር ወደ ግጦሹ የወጣ፣ ያልተከተበ ውሻ። ቀበሮዎቹን እያጠመዱ በመከተብ ወረርሽኙን ገቱት እንጂ መዘዙ ይከፋ ነበር።

ለዚህ ነው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የሚባለው በ1995 ከተቋቋመ ወዲህ ዋና ሥራው በባሌ መንደሮች እየዞሩ ውሻ መከተብ የሆነው። ሳይንቲስቶች ብርቅዬ አውሬ ለማዳን መጥተው የገበሬ ውሻ ሲወጉ መዋላቸው መጀመሪያ ያስቃል። ነገሩ ሲገባ ግን አያስቅም። በመዝገባችን ዋጋ ያልነበረው ያ ውሻ የልጁም፣ የከብቱም፣ የቀበሮውም ዕጣ በእሱ አፍ ላይ ነው።

የቱ ይቅደም?

አሁን የሁለቱን ሰዎች ጥያቄ ልመልስ። ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላትና አንድ ነገር ጠየቅኋት። "ስዊድን ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አለ?" ሳቀች። "የምን እብድ ውሻ?" አለችኝ።

ስዊድን ከእብድ ውሻ በሽታ ነፃ የሆነችው በ1886 ነው። የእንስሳት ኢንሹራንሱ በ1890 መጣ። የውሻው በ1924። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ ሁሉን የሚመታውን አደጋ አስወገዱ፣ ከዚያ አንዱን አንዱን ለሚመታው አደጋ ገንዘብ አዋጡ። የአክስቴ ልጅ በየወሩ የምትከፍለው ዓረቦን ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያ ስላለ ነው፣ ሐኪሙ፣ ምዝገባው፣ ክትባቱ። እኛ ከላይኛው ፎቅ እንጀምር ብንል ቤቱ አይቆምም።

አንድ ቀን ለውሻ ኢንሹራንስ እዚህም ይመጣ ይሆናል፣ ቢመጣ አልጠላም። ሲመጣ ግን ከእግር ስብራቱ በፊት የማስበው ለሌላ ነገር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው ከባለቤቱ ቁጥጥር ሳይታሰብ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። ማለትም ቡቺ ነገ የጎረቤት ልጅ ብትነክስ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። እንደ በርሊን ባሉ ከተሞች የውሻ ባለቤት ለዚሁ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። ቡችላ የምታመጡ ወዳጆቼ፣ "የፈረንጅ ውሻ ነው" ብላችሁ ከመኩራራታችሁ በፊት ይህን አንቀጽ አንብቡ።

እስከዚያው ዋስትናው በእጃችን አለ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከዓመት በኋላ ድጋሚ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ። የከተቡበትን ካርድ አትጣሉ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም። ውሻውን በድንጋይ ማሳደዱ ይቆየን።

ጋሼ ትናንት መጥተው ነበር። "ሞላት?" አሉኝ። ይህን ስጽፍ ቡቺ ሦስት ወር ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷታል። እስከዚያ ከግቢ አትወጣም። በሩን የሚያንኳኩትን የሰፈር ሕፃናት ሁሉ "ከሰኞ በኋላ" እያልኩ እየመለስኳቸው ነው። እማዬ ደግሞ "ለእሷስ ገባሽላት፣ ለእኔ ግን አሁንም ማንም አልገባልኝም" ትላለች፣ የተበላ ነጠላ ጫማዋን እያሳየችኝ።

ቸር ያሰንብተን።